ክሮኖ ትሪገር፦ ጊዜያችንን የሚያከብር ጌም



ዶርም ውስጥ ስለ ጌም ክርክር ሲነሳ ብዙውን ጊዜ ሁለት ጎራ ይፈጠራል። አንደኛው ወገን ጌም ሁሉ ዕድሜ ማባከኛ ነው ብሎ ወሬውን ገና ከጅምሩ ይዘጋዋል። ሁለተኛው ወገን የሚወደውን ጌም በግራፊክሱ፣ በካርታው ስፋትና «መቶ ሰዓት ተጫውቼ ገና አልጨረስኩትም» በሚል ቁጥር ያወድሳል። ልብ ብላችሁ ካያችሁት ሁለቱም የሚለኩት አንድ ነገር ነው፤ ጊዜን። አንዱ ጊዜ ስለሚበላ ይጠላዋል፣ ሌላው ብዙ ጊዜ ስለሚበላ ይወደዋል።

የእኔ አስተያየት ከሁለቱም ይለያል። ጌም ጊዜ መውሰዱ አይቀርም፤ መጽሐፍም ይወስዳል፣ ኳስ ማየትም ይወስዳል፣ ከጓደኛ ጋር ሻይ መጠጣትም ይወስዳል። ጥያቄው የወሰደውን ጊዜ ምን አደረገው የሚለው ነው። አንድ ጌም ታላቅ የሚባለው የተጫዋቹን ጊዜ እንደ አማና ሲይዘው ነው ባይ ነኝ።

ለዚህ አባባሌ ማስረጃ የማቀርበው ብዙዎቻችን ሳንወለድ የወጣ የጃፓን ጌም ነው፤ ክሮኖ ትሪገር። ዘውጉ አርፒጂ የሚባለው ነው። ተጫዋቹ የታሪኩን ሰዎች እየመራ፣ እየተዋጋ፣ ከሚያገኛቸው ጋር እየተነጋገረና እየወሰነ ታሪኩን እስከ ፍጻሜው ያደርሳል። እስከ ዛሬ ከተጫወትኳቸው ሁሉ አስበልጬ የምወደው ይህንን ነው፤ ምክንያቴን ላስረዳ። ታሪኩን አስቀድሞ ማወቅ የማይፈልግ አንባቢ ግን ከዚህ በታች ብዙ ምስጢር ስለማወጣ ጌሙን ተጫውቶ ቢመለስ ይሻለዋል።

እነማን ሠሩት?

ክሮኖ ትሪገር ስኩዌር በተባለው የጃፓን ኩባንያ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 1995 ለሱፐር ፋሚኮም ማጫወቻ ወጣ። በዚያው ዓመት አሜሪካ ደረሰ። ከጀርባው የነበሩት ሦስት ሰዎች በጃፓን እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ትልቅ ስም ያላቸው ናቸው። ሂሮኖቡ ሳካጉቺ ፋይናል ፋንታሲን ያስጀመረ ነው። ዩጂ ሆሪ ድራጎን ኩዌስትን ያስጀመረ ነው። አኪራ ቶሪያማ ደግሞ ድራጎን ቦልን የሣለ ሰው ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2024 ሕይወቱ አልፏል። በወቅቱ ፋይናል ፋንታሲን የሚያወጣው ስኩዌርና ድራጎን ኩዌስትን የሚያወጣው ኢኒክስ ተፎካካሪ ኩባንያዎች ነበሩ። የተዋሃዱት ከስምንት ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ማለትም የሁለት ተቀናቃኝ ቡድኖች አጥቂዎች ለአንድ ጨዋታ ብቻ አንድ ማሊያ ለብሰው እንደመሰለፍ ነበር።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ጌሙ በሙሉ፣ ከተሞቹ፣ ውጊያዎቹ፣ ንግግሮቹና ድምፁ፣ 4 ሜጋባይት በሚይዝ ካርትሪጅ ውስጥ ነው የገባው። ዛሬ በስልካችን የምናነሳው አንድ ፎቶ ያንን ያህል ይይዛል። ቦታ ስላልነበራቸው እያንዳንዱን ነገር ለምን እንደሚያስገቡት ማሰብ ነበረባቸው። ይህ ጠባብነት ለጌሙ ጠቅሞታል፤ ለማሟያ ብቻ ተብሎ የገባ ነገር ብዙ አታገኙበትም።

ታሪኩ ባጭሩ

ክሮኖ የሚባል ወጣት በ1000 ዓመት (በጌሙ የራሱ አቆጣጠር ማለት ነው) ወደ አንድ ትልቅ የበዓል ባዛር ይሄዳል። እዚያ ማርል ከምትባል ልጅ ጋር ይጋጫል። ጓደኛው ሉካ ደግሞ በባዛሩ ላይ ሰውን ከቦታ ቦታ የሚያሻግር ማሽን ሠርታ እያሳየች ነው። ማርል ማሽኑን ስትሞክር የአንገቷ ጌጥ ከማሽኑ ጋር ተጋጭቶ በር ይከፍታል፤ ልጅቷ ወደ 600 ዓመት ትወሰዳለች። ክሮኖ ይከተላታል።

ከዚያ በኋላ በሮቹ ይበዛሉ። ጓደኛሞቹ ዳይኖሰሮች ወዳሉበት 65 ሚሊዮን ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳሉ። ከዘመን ቆጠራ በፊት 12,000 ላይ ጥቂቶች ከደመና በላይ በምቾት፣ የቀሩት ከታች በበረዶ ውስጥ በችጋር የሚኖሩበትን ዚል የተባለ መንግሥት ያያሉ። ከሁሉም ቀድሞ ግን 2300 ዓመትን ያያሉ። ምድሪቱ አመድ ሆናለች። የተረፉት ሰዎች በጉልላት ሥር ተጠልለው ይኖራሉ። አንድ ማሽን ውስጥ ሲገቡ ድካማቸው ይጠፋል፣ ረሃባቸው ግን አይጠፋም። በአንዱ ጉልላት ውስጥ ያገኙት አሮጌ ቀረጻ ምክንያቱን ያሳያቸዋል፤ በ1999 ላቮስ የተባለ ፍጡር ከመሬት ሆድ ወጥቶ ዓለሙን አቃጥሏል።

ሦስቱ ልጆች ያንን ሲያዩ ከእነሱ ዘመን ወደ አንድ ሺህ ዓመት ገደማ ይርቃል። ዝም ብለው ወደ ቤታቸው ቢመለሱ ጥፋቱ እነሱን አይነካቸውም፤ ልጆቻቸውንም የልጅ ልጆቻቸውንም አይነካም። ማርል ግን ይህንን መለወጥ አለብን ትላለች። የጌሙ ታሪክ በእውነት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ማንም ሳያዝዛቸው፣ ማንም ሳይከፍላቸው፣ ስማቸውን ለማያውቅ ትውልድ ሲሉ ይነሳሉ።

በዚያው ጉልላት ውስጥ አንድ የሞተ ሰው ያገኛሉ፤ በእጁ ዘር ይዟል። ልጆቹ ዘሩን ለሽማግሌው ይሰጡታል። በዚያ አመድ መሬት ላይ ይብቀል አይብቀል የሚያውቅ የለም፤ ሽማግሌው ግን ለመትከል ይነሳል። ስለ ችግኝ ተከላ የሚታወቀውን ሐዲስ የሰማ አንባቢ እዚህ ቦታ ላይ ቆም ማለቱ አይቀርም።

ትንሿ ሥራ ስትቆጠር

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ልግባ። በባዛሩ መጀመሪያ ላይ ተጫዋቹ የሚያደርጋቸው ነገሮች ሁሉ ተራ ይመስላሉ። ማርል ስትጋጭ ትወድቃለች፤ የአንገት ጌጧም አብሮ ይወድቃል። መጀመሪያ ልጅቷን ታናግራላችሁ ወይስ ጌጡን ታነሳላችሁ? ጠረጴዛ ላይ የአንድ ሽማግሌ ምሳ ተቀምጧል፤ ብትበሉት ማንም አይከለክላችሁም፣ እንዲያውም ጤናችሁን ይሞላላችኋል። አንዲት ትንሽ ልጅ ድመቷ ጠፍታባታለች፤ ብትፈልጉላት ትችላላችሁ፣ ብታልፏትም ጨዋታው ይቀጥላል።

ማንኛውም ጌም የለመደ ሰው ያገኘውን ሁሉ ያነሳል። የተቀመጠ ዕቃ ካለ የእኔ ነው ይላል፤ ጌሞች ያስተማሩን እንደዚያ ነውና። ክሮኖ ትሪገር ይህንን ልማዳችንን በደንብ ያውቃል።

ከሰዓታት በኋላ ማርል የንጉሡ ልጅ መሆኗ ይታወቃል፤ ክሮኖም ልዕልቲቱን ጠልፈሃል ተብሎ ችሎት ፊት ይቀርባል። ዓቃቤ ሕጉ ምስክሮቹን ይጠራል። ምሳው የተበላበት ሽማግሌ ይመጣል። ድመቷ የጠፋችባት ልጅ ትመጣለች። ጌጡን ወይስ ልጅቷን እንዳስቀደማችሁ ይነገራል። ተጫዋቹ ረስቶት የነበረው፣ ማንም አላየኝም ብሎ ያለፈው ሁሉ አንድ በአንድ ፊቱ ይቀርባል። ድመቷን ያገኘላት ሰው ደግሞ ያቺው ሕፃን ቆማ ትመሰክርለታለች።

ይህንን ክፍል ለተጫወተ ሁሉ የሚሰማው ስሜት አንድ ነው፤ ክው ማለት። ለሙስሊም ተጫዋች ደግሞ ስሜቱ አዲስ አይደለም። የብናኝ ክብደት ያህል ሥራ እንደምትቆጠር ከልጅነታችን ጀምሮ ተምረናል። ጌሙን የሠሩት ሰዎች ይህንን ለማስተማር አላሰቡም፤ ነገር ግን የሰው ልጅ ሁሉ በውስጡ የሚያውቀውን ነገር ነክተዋል። ማንም አያይም ብለን የምናደርገው ነገር እውነተኛ ማንነታችንን ያሳያል።

እዚህ ላይ አንድ ትክክለኛ ትችት አለ። ዳኞቹ ነጻ ቢሉህም ጥፋተኛ ቢሉህም ክሮኖ እስር ቤት መግባቱ አይቀርም፤ ክፉው ባለሥልጣን ሊገድለው ቆርጧል። እንግዲያው ሥራችን ምን ለወጠ? ብለው የሚጠይቁ አሉ። ለእኔ ግን ይህ ጉድለት ሆኖ አልታየኝም። የፍርድ ቤቱ ውጤት በሰው ተንኮል ተበላሸ፤ ምስክርነቱ ግን አልተበላሸም። ልጅቷ እውነቱን ተናግራለች፣ ተጫዋቹም ሰምቷል። መልካም ሥራ ሁልጊዜ እዚሁ ዋጋውን ያገኛል ብሎ የሚሰብክ ታሪክ ቢሆን ኖሮ ከሕይወት ይርቅ ነበር።

ቋንጣውና ጫካው

ጊዜ በዚህ ጌም ውስጥ ለጌጥ የገባ አይደለም። ሁለት ምሳሌ ልስጥ።

በ1000 ዓመት አንድ የታወቀ ስስታም ከንቲባ አለ። ጓደኛሞቹ የሚፈልጉት ዕቃ በእጁ ገብቷል፤ አልሰጥም ይላል። መፍትሔው ከእሱ ጋር መጣላት አይደለም። ወደ 600 ዓመት ተመልሶ የአያት ቅድመ አያቶቹን ቤት ማንኳኳት ነው። እዚያ ያለችው ሴት ቋንጣ ትፈልጋለች፤ ይዛችሁ ከሆነ በጥሩ ዋጋ ልግዛችሁ ትላለች። ብትሸጡላት ገንዘቡን ታገኛላችሁ፤ ነገሩም እዚያው ያበቃል። በነጻ ብትሰጧት ግን ትገረማለች፤ ልጆቼን ለጋስ አድርጌ አሳድጋለሁ ትላለች። ወደ 1000 ዓመት ስትመለሱ ከንቲባው ሌላ ሰው ሆኗል፤ የጠየቃችሁትን በደስታ ይሰጣችኋል። አንድ ቁራጭ ቋንጣ አራት መቶ ዓመት ተጉዛ የአንድን ሰው ጠባይ ለወጠች። ስለ ልግስና የሚሰጥ ትምህርት ከዚህ በላይ አጭር ሊሆን ይችላል?

ሁለተኛው የሮቦ ታሪክ ነው። ሮቦ ጓደኛሞቹ በ2300 ዓመት ተሰባብሮ አግኝተው የጠገኑት ሮቦት ነው። በ600 ዓመት ፊዮና የምትባል ሴት በረሃ የሆነውን መሬት መልሳ ጫካ ማድረግ ትፈልጋለች፤ ሥራው ግን ከአንድ ሰው ዕድሜ በላይ ነው። ሮቦ እኔ እቀራለሁ ይላል። ጓደኛሞቹ በጊዜ ማሽን ወደ 1000 ዓመት ያልፋሉ፤ ለእነሱ ጉዞው የደቂቃ ነገር ነው። ለሮቦ ግን አራት መቶ ዓመት ነው። ሲደርሱ በረሃው ለምለም ጫካ ሆኗል፤ ሮቦ ደግሞ ዝጎ ቆሞ ያገኙታል። ይጠግኑታል፤ ማታ እሳት ከብበው ይቀመጣሉ።

ካርታው ላይ የነበረው ቢጫ ቦታ አረንጓዴ ሆኖ ስታዩት ዝም ያሰኛል። ዛሬ ጌሞች ዛፍ በዛፍ የሚቆጠርበት ጫካ ያሳዩናል፤ የዚህ ጌም ጫካ ጥቂት አረንጓዴ ነጠብጣብ ነው። ነገር ግን ማን እንደተከለው፣ ስንት ዓመት እንደፈጀ፣ ምን እንዳስከፈለ እናውቃለን። ለዚያ ነው የሚከብደው።

የማይመለሰው ነገር

በዚያች እሳት በነደደባት ሌሊት ሉካ አንድ በር ታያለች። በሩ ወደ ልጅነቷ ይወስዳታል፤ እናቷ ላራ በአባቷ ማሽን ተይዛ እግሯን ወዳጣችበት ቀን። ማሽኑን ለማስቆም የምስጢር ቃል መግባት አለበት፤ በመጀመሪያው ካርትሪጅ ተጫዋቹ ራሱ በእጁ ባለው መቆጣጠሪያ ፊደሎቹን በፍጥነት መጫን ነበረበት። ቃሉ የእናቷ ስም ነው። ብትፈጥኑ እናትየው ትድናለች፤ በቀሪው ጨዋታ ሁሉ ቤቷ ውስጥ ስትራመድ ታገኟታላችሁ። ብትዘገዩ ያለፈው እንዳለፈ ይቀራል። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም የሚለውን አባባል አንድ ጊዜ ብቻ የሚሽር፣ ለዚያውም ለሰከንዶች፣ እንዲህ ያለ ክፍል በሌላ ጌም ውስጥ አላየሁም።

ከዚህም የሚበልጥ ድፍረት አለ። በታሪኩ መካከል ክሮኖ ይሞታል። ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ ስንመራው የነበረው፣ የጌሙ ሽፋን ላይ ያለው ልጅ፣ ጓደኞቹን ለማትረፍ ላቮስ ፊት ቆሞ ይጠፋል። ጌሙም ያለ እሱ ይቀጥላል። ከሞተባት ቅጽበት ሊያድኑት ይቻላል፤ ግን ግዴታ አይደለም። ፈልጋችሁ፣ ደክማችሁ፣ ተራራ ወጥታችሁ ካልሆነ በቀር ጌሙን ያለ እሱ መጨረስ ትችላላችሁ። ለማዳን ከሚያስፈልጉት ነገሮች አንዱ ደግሞ ሁሉ ነገር በጀመረበት ባዛር ላይ የሚገኝ አሻንጉሊት ነው። ስትጫወቱበት ያለፋችሁት የደስታ ቀን በጭንቅ ጊዜ ተመልሶ ይጠቅማችኋል።

ክሮኖ በጌሙ ውስጥ ብዙም አይናገርም። አንዳንዶች ይህንን እንደ ድክመት ያዩታል፤ ሰው የማይናገር ከሆነ እንዴት እንወደው? ይላሉ። እሱ ከጠፋ በኋላ ግን የማርልና የሉካ ሐዘን የእሱን ማንነት ይነግረናል። ሰውን ከቃሉ ይልቅ ጓደኞቹ ላይ በተወው ቦታ መለካት ይቻላል።

ሲያልቅ የሚያልቅ ጌም

እስካሁን ያወራሁት ስለ ታሪኩ ነው። አሠራሩም ከዚያው አስተሳሰብ የመጣ ነው። በዚያ ዘመን የጃፓን አርፒጂዎች ትልቁ በሽታ ጥቂት እርምጃ በተራመድክ ቁጥር ካልታየ ጠላት ጋር በድንገት ወደ ውጊያ መግባት ነበር። ክሮኖ ትሪገር ውስጥ አብዛኞቹ ጠላቶች እንደ ማንኛውም ነገር ፊት ለፊት ይታያሉ፤ ብዙዎቹን ዞሮ ማለፍ ይቻላል። ውጊያውም ሌላ ገጽ ሳይከፈት እዚያው በቆማችሁበት ይካሄዳል። ሦስት ሆነው የሚዋጉት ጓደኛሞች ችሎታቸውን ሁለት ወይም ሦስት ሆነው ሲያጣምሩ አዲስ ችሎታ ይወለዳል። ስለዚህ ማን ከማን ጋር ይሂድ የሚለው ራሱ አስደሳች ጥያቄ ነው።

ዋናው ታሪክ ከ20 እስከ 25 ሰዓት አካባቢ ውስጥ ያልቃል። ከተወሰነ ነጥብ በኋላ ደግሞ ላቮስን ለመግጠም መቼ እንደምትሄዱ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። ተዘጋጅተናል ስትሉ ትሄዳላችሁ፤ እንደ ሄዳችሁበት ጊዜም ፍጻሜው ይለያያል። ከአሥር በላይ ፍጻሜዎች አሉት። አንዴ የጨረሰ ሰው ጉልበቱን ይዞ እንደገና የሚጀምርበትን መንገድም ሠርተውለታል፤ ሌላውን ፍጻሜ ለማየት መጀመሪያ የለፋውን ልፋት አይደግምም። ከከተማ ወጥታችሁ በትልቁ ካርታ ላይ ስትሆኑ በፈለጋችሁት ሰዓት ሴቭ አድርጋችሁ መነሳት ትችላላችሁ። አዛን ሲሰማ «አንዴ፣ ይህችን ብቻ» የሚያስብል ነገር ብዙም የለውም።

ይህንን ዛሬ ስልካችን ላይ ካሉት ብዙ ጌሞች ጋር አነጻጽሩት። ብዙዎቹ በነጻ ይወርዳሉ፤ ግን መጨረሻ የላቸውም። በየቀኑ ገብተህ ሽልማትህን ካልወሰድክ ተራህ ይቋረጣል። የዛሬው ግብዣ በሦስት ሰዓት ውስጥ ያበቃል እያለ ሰዓት ይቆጥርብሃል። ቡድኑ ስለሚጠብቅህ መሃል ላይ መነሳት አትችልም። ውስጡ ያለው ያልታወቀ ሳጥን ለመክፈት ገንዘብ ትከፍላለህ፤ ዕድልህ ካልሆነ እንደገና ትከፍላለህ። ይህ የመጨረሻው ነገር ከቁማር ጋር ያለውን ዝምድና ለናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

የእነዚህ ጌሞች ሠሪዎችም ስለ ጊዜ በደንብ አስበዋል። ነገር ግን ያሰቡት ጊዜያችንን እንዴት እንደሚያቆዩት ነው። የክሮኖ ትሪገር ሠሪዎች ያሰቡት ሲያልቅ ምን ይዘን እንደምንነሳ ነው። ልዩነቱን ግቢያችን ውስጥ በዓይናችን እናየዋለን። ከዒሻ በኋላ ጀምሮ ስልክ ላይ ያቀረቀረ ልጅ ለፈጅር ሲነቃ ዓይኑ ደም ለብሶ ነው። ስለ ሌሊቱ ብትጠይቁት የሚተርክላችሁ ነገር የለውም። ያሳዘነኝ መጫወቱ አይደለም፤ ያንን ሁሉ ሰዓት ሰጥቶ አንድ ታሪክ እንኳን በምትኩ አለማግኘቱ ነው።

ለሚነሱ ጥያቄዎች

«ያም ሆነ ይህ ጌም ነው፤ በዚያ 25 ሰዓት ስንት ገጽ ይነበባል?» የሚል ወንድም እንደሚኖር አውቃለሁ። ልክ ነው። ፋይናል ሳምንት ላይ ማንም ይህንን ጌም እንዲጀምር አልመክርም፤ ዋጂብን የሚያስተጓጉል ነገር ምን ቢያምር አያምርም። እኔ የምናገረው ለዕረፍት ሰዓቱ ነው። ሰው ዕረፍት ያስፈልገዋል፤ ዕረፍቱንም የሚያሳልፍበት ነገር ምርጫ ይፈልጋል። ያለምርጫ የሚያልፍ የዕረፍት ሰዓት ከሥራ ሰዓት በላይ ይባክናል።

«ጌሙ ውስጥ አስማት አለ» የምትል እህትም ትኖራለች። አለ፤ በፈጠራ ታሪክ ውስጥ ያለ ነገር ነው። ሙዚቃም አለው፤ አብዛኛውን ያሱኖሪ ሚትሱዳ የተባለ በጊዜው ወጣት የነበረ ባለሙያ ሠርቶታል። በሁለቱም ጉዳይ ላይ ዑለማዎች የሚሉትን ከእኔ ሳይሆን ከባለቤቶቹ ጠይቁ። የጌሙን ድምፅ መዝጋት እንደሚቻልና ንግግሩ በሙሉ በጽሑፍ ስለሆነ ታሪኩ እንደማይጎድል ግን መናገር እችላለሁ።

«ግራፊክሱ አርጅቷል» ለሚለው መልሴ አጭር ነው። አዎ፣ አርጅቷል። የቶሪያማ ሥዕሎች ግን ዛሬም ፊታቸው ይለያል፤ አንድ ጥቁር ነጥብ የሆነ ዓይን ሐዘንን ሊያሳይ እንደሚችል ታያላችሁ።

መጫወት ለሚፈልግ ሰው ጌሙ በ2008 ለኒንቴንዶ ዲኤስ፣ በ2018 ደግሞ በስቲም ለኮምፒውተር ወጥቷል (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው)፤ በስልክም ይገኛል። አንዴ ከተገዛ በየወሩ የሚከፈል የለውም። የተራቀቀ ላፕቶፕም አይፈልግም።

ለማጠቃለል

ክሮኖ ትሪገርን መውደድ የማንም ግዴታ አይደለም። እኔ የምጠይቀው ማናችንም ቀጣዩን ጌም ስንከፍት ሦስት ጥያቄ እንድንጠይቅ ነው። ይህ ነገር መጨረሻ አለው? በፈለግኩት ሰዓት ሊለቀኝ ይችላል? ከሳምንት በኋላ ለጓደኛዬ የምነግረው ነገር ይተውልኛል? ሦስቱንም አዎ ያለ ጌም በዕረፍት ሰዓታችን ቢገባ አልቃወምም። ሦስቱንም አይ ያለ ጌም ግን ግራፊክሱ ምን ቢያምር ከጊዜያችን ሰርቆ የሚሄድ ነው።

ባዛሩ ላይ ያለችውን ድመት ያልፈለገ ተጫዋች ችሎቱ ላይ ሲደርስ ወደ ኋላ ተመልሶ ሊፈልጋት ይመኛል። ጌሙን ዘግቶ ከመጀመሪያው መጀመር ይችላል። እኛ ግን ሴሚስተራችንን እንደገና የምንጀምርበት ቁልፍ የለንም። አላህ በጊዜያችን በረካ ያድርግልን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።